ወይን በኖራ ላይ

አዲስ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ሳይ እስካሁን ድረስ እጄን ነጠላዬ ውስጥ እደብቃለሁ። ልጄ ታየኝና "ምን ሆነሽ ነው እማዬ?" ትለኛለች። "በረደኝ" እላታለሁ። ብርድ አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርኩት አይገባም። የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ወልጄ ካሳደግሁ በኋላ ነው፤ ያውም ያስቆጠረችኝ ልጄ ናት። ስለዚህ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

የተዳርኩት ልደታ፣ ወይን ያለበት ግቢ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ወደ አብነት ሲወረድ፣ ከውጭ ለሚያየው ሰው የቆርቆሮ አጥርና የጭቃ ቤት ብቻ ነበር የሚታየው። በሩ ሲከፈት ግን ቁልቁለቱ በሙሉ እስከ ወንዙ ድረስ ወይን ነበር፤ በእንጨትና በሽቦ ተደግፎ በረድፍ በረድፍ የቆመ። አማቼ በወጣትነታቸው አንድ ጣሊያን ዘንድ አትክልተኛ ነበሩ። ሰውዬው ወደ አገሩ ሲሄድ ትቶላቸው የሄደው አንድ እቅፍ የወይን ቁራጭ ነው። እሱን ተክለው፣ አባዝተው፣ ቤተሰቡን በሙሉ የወይን ሰው አደረጉት። የሚጠምቁት ቀይ ብቻ ነበር። "ነጩን አይጠምቁም ወይ?" የሚል ሰው ሲመጣ "ነጭ ከፈለግክ ውኃ አለልህ" ይሉት ነበር።

ቀይ የሚሆነው በልጣጩ ነው። ወይኑ በእግር ተረግጦ ከነልጣጩ ገንዳ ውስጥ ይተዋል። ከዚያ በራሱ ጊዜ ይፈላል፤ እሳት የለው፣ ምን የለው። ሲፈላ ድምፅ አለው። በሩቁ የሚጸልዩ ሰዎች ድምፅ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዳምጡት አንድም ቃል የለውም። ሙሽራ ሆኜ በመጣሁ ጊዜ በዚያ ድምፅ ምክንያት ወደ ገንዳው ክፍል ብቻዬን አልገባም ነበር።

የመጀመሪያው ለቀማ ሲደርስ ግን ማን ይተወኛል! ቀሚሴን ሰብስቤ ከሴቶቹ ጋር ወይን ለመርገጥ ገባሁ። ክፍሉ ለሰርጌ ተብሎ ኖራ ተቀብቶ ነበር። ሴቶቹ ስለ ጫጉላ እየቀለዱ ሲያስቁኝ አዳለጠኝና ግድግዳውን በሁለት መዳፌ ተደገፍኩት። ሁለት ቀይ መዳፍ ታተመበት። ተሳሳቅንና ሥራችንን ቀጠልን።

በማግሥቱ ስገባ እጆቼ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ሆነው ጠበቁኝ።

የሞተ ሰው እጅ መሰሉኝ። ጮህኩ። እየሮጠ የመጣው በርሜል የሚያጥበውና የሚያጥነው ሠራተኛ ነበር። በርሜል በድኝ ጭስ ይታጠናል፣ የወይን ጠጁ እንዳይበላሽ። በዚህ የተነሳ ሰውዬው ሁልጊዜ ድኝ ድኝ ይሸት ነበር፤ ገና ሳይታይ መምጣቱ ይታወቃል። እኔ "ጋሼ" እለው ነበር፤ እሱ ደግሞ የጌታው ምራት ስለሆንኩ ዕድሜዬን ሳያይ "እትዬ" ይለኝ ነበር።

"አይፍሩ እትዬ" አለኝ እየሳቀ። "ወይንና ኖራ ጠላቶች ናቸው። ኖራ ሲነካው እንዲህ ያስመስለዋል።" ሎሚ ቆርጦ አንዱን ሰማያዊ መዳፍ አሸው። ኖራው ቱፍ ቱፍ አለና መዳፌ እያየሁት ተመልሶ ቀላ። "አዩ? ተመለሰ። ሌላ ቀለም ቢሆን አይመለስም። ወይን መሆኑን ለማወቅ ዳኛው ሎሚ ነው።"

አማቼ ይህን ሲሰሙ "ሙሽራ የሚያስፈራ ግድግዳ ቤቴ ውስጥ አልፈልግም" ብለው ኖራውን አስፍቀው ሲሚንቶ አስለሰኑት። ልጄ ስትወለድ ግድግዳው ግራጫ ነበር። ይህን ነገር አይታው አታውቅም። እኔም ነግሬያት አላውቅም። ምን ብዬ እነግራታለሁ? የፈራሁትን ነገር ማውራት አልወድም።

ወይን ስንረግጥ የምንለብሰውንና ጭማቂውን የምናጠልልበትን ጨርቅ የምታጥብልን ሴት ነበረች፣ ጌጃ ሰፈር። ባሏ የሞተባት፣ አንድ ወንድ ልጅ ያላት። ልብስ እያጠበች ነው አስተምራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሰችው። እሷ ታጥባለች፣ እሱ ከትምህርት ሲመለስ በከሰል ካውያ ይተኩሳል። በየዓመቱ ለቀማው ሲያልቅ መጥታ ጨርቁን ጠቅልላ ትሸከምና "አንድ ቀን እንኳን ጤፍ ብትዘሩ ምን አለበት? ጣቴን እኮ ጨረሳችሁት" ትለን ነበር። የሰፈሩ ነጭ ልብስ ሁሉ በእጇ ነው የሚያልፈው። ለነጩ የምትጨምረው ሰማያዊ ዱቄት ነበራት፤ ከነሱ ቤት የወጣ ነጠላ ከሩቅ ያበራል።

እንግዲህ ሰዎቹ እነዚህ ናቸው። ባለበርሜሉ፣ አጣቢዋና ልጇ፣ ልጄና እኔ። ባለቤቴም አለ፤ ግን እሱ ከሰው ይልቅ ከወይን ጋር የሚያወራ ሰው ነው።

ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ ደርግ መጣ። የከተማ ቦታ ሲወረስ ቤታችን ቀረልን፣ ወይኑ ግን ትርፍ ተባለ። አማቼ ይህን ሰምተው ብዙ አልቆዩም። ወይኑም ገንዳውም በርሜሉም የቀበሌ ሆነ፤ ባለቤቴ በአባቱ ወይን ላይ ተቀጣሪ ሆነ። መቼም ወይን የሚገርዝ ሌላ ሰው ከየት ያመጣሉ? ባለበርሜሉ ደግሞ የጥበቃ ኃላፊ ሆኖ ጠመንጃ ያዘ። "እትዬ" ማለቱን ትቶ "ጓድ" ይለኝ ጀመር። እኔ "ጋሼ" ማለቴን አልተውኩም። በመንገድ ስንገናኝ "ደህና አደርሽ ጓድ?" "እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ" እንባባላለን፤ ሁለታችንም እናፍራለን። የሚገርመኝ ጠመንጃ ከያዘም በኋላ ድኝ ድኝ ይሸት ነበር።

በዚያን ጊዜ በየቀኑ አንድ የሰው ልጅ ይጠፋ ነበር። ጠዋት ወጥቶ የማይመለስ፣ ከቤት ተጠርቶ የማይመለስ። የእኔ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አያለሁ። ስትመጣ እቆጣታለሁ። "የት ነበርሽ?" "ጥናት ነበረን እማዬ።" "ምን ዓይነት ጥናት ነው ፀሐይ እስክትጠልቅ?" "ከባድ ጥናት" ብላ ትስቅብኛለች። ያኔ ማታ ማታ እኔን ፊደል ታስቆጥረኝ ነበር። እጄን በእጇ ይዛ ታጽፈኛለች፤ እጇ እጄ ላይ ሲሆን ፍርሃቴ ትንሽ ጋብ ይልልኛል።

ሚያዝያ ላይ ነው። ለቀማው አልቆ ጠጁ ወደ በርሜል ሊገለበጥ ነው። ሲገለበጥ ከታች የሚቀር አተላ አለ፤ ወፍራም፣ ጥቁር ለማለት ትንሽ የቀረው።

"እማዬ፣ ከአተላው አንድ ጣሳ ስጪኝ" አለችኝ።

"ምን ልታደርጊበት?"

"ለትምህርት ቤት ሥዕል። ቀለም ከሱቅ ጠፍቷል።"

እውነቷን ነበር፣ ጠፍቷል። በተለይ ቀይ ቀለም የሚገዛ ሰው ለማን፣ ለምን እየተባለ ይጠየቅ ነበር። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ሥዕል መልካም ነገር ነው፤ ሥዕል የምትስል ልጅ ምን ይነካታል? ምድጃ ላይ ጥጄ አወፈርኩላት። በራሴ እጅ እያማሰልኩ፣ እንዲጣበቅ ትንሽ ሙጫ ጨምሬ፣ ጣሳ ሙሉ አድርጌ ሰጠኋት። "ልብስሽን እንዳይነካ፣ አይለቅም" ብቻ አልኳት። ሌላ ምንም አላልኩም።

በዚያው ሰሞን የሴቶች ማኅበር ተጠርተን ከልደታ ወደ አብነት የሚወርደውን ረጅም አጥር ኖራ ቀባን። የሠራተኞች ቀን ደርሶ ነበር፤ ሰልፍ በዚያ ያልፋል ተባለ። ሁለት ቀን ሙሉ ቀባን። ነጭ፣ ዓይን የሚወጋ ነጭ ሆነ። እኔም እጀታው ረጅም በሆነ መጥረጊያ፣ ኖራው እጄን ሳይነካኝ የቀባሁት አለበት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጥበቃዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ "የሴቶች ማኅበር ውጡ፣ ቢላዋ ያዙ" አሉን። ቢላዋ ሲሉ ደነገጥን። አጥሩ ጋ ስንደርስ ነው የገባን። አጥሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጽሑፍ ተጽፎበታል። ፍቃችሁ አጥፉ ተባልን።

እኔ ያኔ የማነበው ፊደል በፊደል ነው። ግን ከጽሑፉ በፊት ያየሁት ቀለሙን ነው። ሰማያዊ ነበር። እንደ ሰማይ አይደለም፣ እንደ እርሳስም አይደለም። ሙሽራ ሆኜ ያየኋቸው የሁለት መዳፎቼ ሰማያዊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያንን ቀለም የትም አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሃያ ዓመት ጠብቆ መጥቶ መንገድ ላይ ያገኘኝ መሰለኝ።

ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበብኩት። "ልጆቻችንን የት አደረሳችኋቸው?" ይላል።

አጠገቤ ያለችው ሴት ክንዴን ይዛ "በርቺ፣ ያዩሻል" አለችኝ። ቢላዋዬን ይዤ መፋቅ ጀመርኩ። የደረሰኝ መሐሉ ላይ ያለው "የት" የሚለው ነው።

ሴቶቹ በሹክሹክታ ያወራሉ። "ሰማይ ወርዶ ነው እንዴ የጻፈው?" ትላለች አንዷ።

"ዝም በይ፣ ግድግዳ ጆሮ አለው።"

"ጆሮ ብቻ ቢሆንለት! ይኸው አፍ አወጣ።"

ማንም ድምፁን አሰምቶ አልሳቀም። እኔ ግን ጣቶቼን ተመለከትኩ። የለቀማ ሰሞን ስለሆነ ጥፍሬም መዳፌም ወይን የጠገበ ነበር። እርጥቡ ኖራ ሲነካው እጄ ሰማያዊ መሆን ጀመረ። አጥሩ ላይ ያለው ቀለምና የእኔ ጣት አንድ ሆኑ። ሌሎቹ ሴቶች እጃቸው ነጭ ነው፤ የእኔ ብቻ ነው የተለየው። ከጽሑፉ የነካኝ ይመስላቸዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ ድኝ ሸተተኝ።

ባለበርሜሉ ከኋላዬ ቆሟል። አብሮት አዲስ የመጣ ካድሬ አለ፤ መነጽር ያደረገ ወጣት፣ የሰፈሩን ሰው ገና ያላወቀ። "ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?" አለ ካድሬው። "የትምህርት ቤት ቀለም ነው? ማነው የሚሸጠው? ቀለሙ ከታወቀ ሰውዬው ታወቀ ማለት ነው።"

ባለበርሜሉ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ ጽሑፉን ጠረገና ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ዕድሜውን በሙሉ በርሜል ሲያሸት የኖረ አፍንጫ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እጄ ተመለከተ። እኔም ወደ እጄ ተመለከትኩ። "አሁን ሎሚ አምጡ ይላል" አልኩ በልቤ። "ልደታ ማርያም ሎሚ አምጡ አታሰኚው።"

"ይህ የልብስ ነው" አለ ባለበርሜሉ። "ነጭ ልብስ የሚያነጡበት ሰማያዊ ዱቄት አለ። በውኃ በጥብጠውት ነው።"

"እርግጠኛ ነህ ጓድ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ሰዓት ደስ አለኝ። ዱቄቱን የማን ቤት እንደማውቀው ትዝ ያለኝ ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ነው።

ልጄን ገንዳው ክፍል ውስጥ አገኘኋት። በሩን ዘጋሁና ሰማያዊ እጆቼን አሳየኋት። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ቀይ ነበር እኮ እማዬ! በቀይ ነው የጻፍኩት!"

"ኖራ ላይ ቀይ አይቆይም።"

"አልነገርሽኝማ!"

"ሥዕል ነው አልሽኝማ!"

ገንዳው ውስጥ የቀረው ልጣጭ ገና ድምፅ ያሰማ ነበር። ከዚያ ክፍል እንዳትወጣ፣ ሳል እንኳን እንዳታስል ብዬ ቆለፍኩባት። የሰፈሩ ወሬ ከዚያ በር እንዳያልፍ ምግቧን ራሴ አደርስላት ነበር፤ የምትጠይቀኝንም አልመልስላትም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የአጣቢዋን ልጅ ወሰዱት። ቤታቸው ሲፈተሽ ዱቄቱ በቆርቆሮ ተገኘ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ መጻፍ ያውቃል፣ ዱቄቱ አለ። ሌላ ምን ያስፈልጋቸዋል?

ያን ሌሊት ባለቤቴን ነገርኩት። "ልጃችንን ወደ አገሬ እወስዳታለሁ" አለኝ። አገሩ ቸሃ ነው። "የይለፍ ወረቀት ሳንይዝ ኬላ አታልፍም" አልኩት። "የሰው ልጅስ?" አልኩት ደግሞ። ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

በማግሥቱ ጠዋት ቆርጬ ተነሳሁ። ሎሚ ለሁለት ቆረጥኩና ግማሹን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ እገባለሁ፣ ቀለሙ ወይን ነው እላለሁ፣ ካላመኑኝ ከአጥሩ የቀረውን በሎሚ አሻለሁ፣ ይቀላል። ማን ጻፈው ሲሉኝ እኔ እላለሁ። ፊደል እንደማውቅ በማኅበር ተመዝግቤአለሁና ያምኑኛል። መንገዱን በሙሉ ይህንኑ እየደጋገምኩ ሄድኩ።

የቀበሌው በር ላይ አጣቢዋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። የምሳ ዕቃ ታቅፋለች። ስታየኝ "ልትጠይቂልኝ ነው የመጣሽ?" አለችኝ። "ልጄን ያውቁታል በያቸው። ጥሩ ልጅ ነው በያቸው።" እሺ አልኳት። እሺ ስላት እውነቴን ነበር።

ቢሮው ውስጥ ካድሬው ጠረጴዛው ጋ፣ ባለበርሜሉ መስኮቱ ጋ ነበሩ። አፌን ከፈትኩ። ባለበርሜሉ የነጠላዬን ቋጠሮ አየ። ቋጠሮውን አይቶ ምን እንዳለበት አወቀ። ያስተማረኝ እሱ አይደል?

"ለይለፍ ወረቀቱ ነው የመጣሽው ጓድ?" አለ ጮክ ብሎ፣ እኔ ሳልናገር። "የባልሽ እህት ታማ የለ? ልጅሽ ልታስታምማት ትሄዳለች ብለሽኝ አልነበረም?"

እንደዚያ ብዬው አላውቅም። መሳቢያውን ከፍቶ የተጻፈና ማኅተም የተመታበት ወረቀት አወጣ። አስቀድሞ አዘጋጅቶታል። እጁን ዘርግቶ ያዘልኝ።

ካድሬው ቀና ብሎ "ሌላ ጉዳይ አለሽ?" አለኝ።

ከጀርባው በተዘጋው በር በኩል አንድ ሰው አሳለ። ደረቅ፣ የወጣት ሳል።

"የለኝም" አልኩ። ወረቀቱን ተቀበልኩ።

ስወጣ አጣቢዋ ተነሳች። "ምን አሉሽ?" አለችኝ። "ነገ ነገ ይላሉ" አልኳት። ውሸት ነው። እጄን አየች። በአንዱ ወረቀቱን፣ በሌላው ቋጠሮውን ጨብጬአለሁ። "እሱ ሎሚ ነው? ሸተተኝ" አለችኝ። "ልጄ ጉሮሮው ደርቋል፣ ሲያስል ሰምቼዋለሁ። ሻይ ይዤለታለሁ፣ ልጭመቅበት። ስጪኝ እስኪ።"

ፈታሁና ሰጠኋት። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችኝ።

ባለቤቴ ልጃችንን ይዞ ጎህ ሲቀድ ወጣ። ኬላውን በወረቀቱ አለፉ። እሷ ስለ አጣቢዋ ልጅ ሳትሰማ ሄደች፤ ከዓመታት በኋላ ስትመለስም እንደዚያ ዘመን ልጆች ጠፋ ብቻ ነው ያልኳት። የአጣቢዋ ልጅ ግን ከዚያ ቢሮ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ፤ የት እንደሆነ አልተነገራትም። የምሳ ዕቃዋን ብዙ ቀን ይዛ ተመላለሰች። በመጨረሻ "ይህን ምግብ ከእንግዲህ አታምጪ" አሏት። ሬሳውንም አልሰጧትም።

ባለበርሜሉ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ቤቴ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጠመንጃ አልያዘም። በርሜሎቹ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ "እትዬ" አለኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ "እትዬ" አለኝ። "አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት። ሰማያዊ ነገር ሳስብ ዱቄቱ መጣልኝ። የሴትዮዋ ቤት ትዝ አላለኝም። ለአንድ ቤት ብዬ የሌላውን አፈረስኩ።" ምን ብዬ ልፍረድበት? እኔ እኮ ትዝ ብሎኝም ወረቀቱን ተቀብያለሁ። አንድ ጣሳ ጠጅ ቀዳሁለት። ሳይጠጣው ሄደ። ወዲያው ከሰፈር ለቀቀ፤ ወዴት እንደሄደ አልሰማሁም። በርሜሎቹን የሚያጥን ሌላ ሰው መጣ፣ ድኙ ግን ያው ነው፤ በሸተተኝ ቁጥር ከኋላዬ የቆመ ሰው አለ ብዬ እዞራለሁ።

አጥሩ በየዓመቱ ኖራ ይቀባል። ክረምት ሲገባ ኖራው በዝናብ ይሳሳና ከሥሩ የሆነ ነገር ይታያል። ሰማያዊነቱ ቀርቶ የዛገ ቢጫ ሆኗል። ሰው የእርጥበት ነው ይላል። እኔ ግን የቱ ጋ "የት" እንደሚል አውቃለሁ።

አጣቢዋ ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ በየዓመቱ ለቀማው ሲያልቅ ትመጣለች። ስለ ጤፍ መቀለዷን ትታለች። እኔ ጨርቁን በር ላይ አስቀምጬ እደበቃለሁ። እንዲህ እያለ ስንት ዓመት ሄደ። መጨረሻ ላይ ቦታው ለሕንፃ ይፈለጋል ተብሎ ወይኑ ሊነቀል ሆነ። የመጨረሻውን ጨርቅ አጥባ ስታመጣ መደበቂያ አጣሁ፤ ፊት ለፊት ተገናኘን። ጨርቁን ዘረጋችው። ነጭ ነው፤ አንድ ጥግ ላይ ግን መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ አለ።

"አልለቅ አለሽ?" አልኳት።

"ማስለቀቅ አቅቶኝ ነው?" አለችኝ። "የእናንተን ጨርቅ በሳሙና ባሸሁት ቁጥር እንዲህ ነው የሚሆነው። ዕድሜዬን በሙሉ በሎሚ ነው ወደ ቀይ መልሼ የማስለቅቀው። አጥሩን ባየሁት ዕለት አውቄዋለሁ።"

ሰማያዊውን በጣቴ ነካሁት።

"ያን ቀን ሎሚውን ለሻይ አላመጣሽውም" አለችኝ። "የዚያን ቀን አልገባኝም፣ ለልጄ መስሎኝ መርቄሻለሁ። በኋላ ነው የገባኝ።"

"ለምን አልተናገርሽም?" አልኳት። ይህን ለመጠየቅ ምን ፊት አለኝ? ግን ጠየቅኳት።

"ልናገር ብያለሁ እንጂ ለራሴ! ስንቴ በራቸው ድረስ ሄጃለሁ። ያንቺን ብሰጣቸው የኔን ይመልሱልኛል? ሁለቱንም ይበሏቸዋል እንጂ።" ጨርቁን አጣጠፈችው፣ ሰማያዊው ከላይ እንዲሆን አድርጋ። "ልጅሽ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። አስተማሪ ሆናለች።"

"ታውቃለች?"

ራሴን ነቀነቅሁ፣ አታውቅም እንደማለት።

"ንገሪያት" አለችኝ። "የኔ ልጅ ለምን እንደሞተ እኔና አንቺ ብቻ አውቀን አንሙት።"

እሺ አልኳት። በቀበሌው በር ላይም እሺ ብያት ነበር።

እነሆ አልነገርኳትም። አጣቢዋ አርጅታለች፤ በመንገድ ስታየኝ አትጠይቀኝም፣ ዝም ብላ ታየኛለች። ልጄ እሁድ እሁድ ከልጆቿ ጋር ትመጣለች። ባለፈው እሁድ የሳሎኑን ግድግዳ ዳብሳ "እማዬ፣ ጠቁሯል፣ ኖራ ላስቀባልሽ" አለችኝ። "ተይው" አልኳት። "ኖራ ደግሞ ምን አደረገሽ?" ብላ ሳቀች። በአሥራ ሰባት ዓመቷ የምትስቀው ሳቅ ነው። ያ ሳቅ ዛሬም አለኝ። የማን ሳቅ እንደጠፋም አውቃለሁ። አፌን ስከፍት ከዚያ ከተዘጋው የቢሮ በር ኋላ ልጁ ያስላል፤ አፌን እንደገና እዘጋዋለሁ።

በአፌ ስላልሆነልኝ ነው በእጄ የጻፍኩት። ደብተሩን ከጨርቁ ጋር አስቀምጬዋለሁ፣ ሰማያዊው ከላይ ሆኖ። ግማሽ ሎሚም አኖርበታለሁ፤ ካላመነችኝ ራሷ አሽታ ትየው። የፊታችን እሁድ ስትመጣ እሰጣታለሁ። እጄን ይዛ ያጻፈችኝ እሷ ናት፤ የጠመመውንም ፊደሌን ታነበዋለች።